አቀንጭራ የየትኛው ዲፓርትመንት ናት?

ከደሴ ወደ ወልድያ ስትጓዙ ውጫሌን አልፋችሁ የምታገኟት ውርጌሳ ክረምቱ ሲወጣ በማሽላ ትከበባለች። ማሳው ከመንገድ ሲያዩት ያምራል። ገባ ብላችሁ ግርጌውን ስታዩ ግን ሐምራዊ አበባ ያወጣች አጭር አረም ታገኛላችሁ፤ አቀንጭራ ናት። ሥሯን ከማሽላው ሥር አጣብቃ ውኃውንና ምግቡን ትመጠምጣለች። አብዛኛውን ጉዳት የምታደርሰው ገና ከመሬት ብቅ ሳትል ነው። አንዷ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሯም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

ማስተርሴን ስማር ለመመረቂያ ጽሑፌ የያዝኩት ጥያቄ የመጣው ከዚሁ ማሳ ነበር። አንድ እኩል አራሽ አባት አቀንጭራዋን እየነቀሉ፣ «ልጄ፣ ፍግ ያላየ መሬት ላይ ትበረታለች። ባለይዞታው ዓረብ አገር ነው። ለከርሞ በእጄ ይቆይ አይቆይ ለማላውቀው መሬት እንዴት ብዬ ፍግ ላውጣ?» አሉኝ። አረሙ፣ የመሬቱ ውልና ስደቱ በአንድ ትንፋሽ ወጡ።

የተማርኩበት ፕሮግራም እነዚህን ነገሮች አገናኝቶ ለማየት የተከፈተ ነው። ሆኖም ፕሮፖዛሌን አንዱ መምህር «ይህ የአግሮኖሚ ነው» ብለው መለሱልኝ፤ ሌላው «የሶሲዮሎጂ ነው» አሉኝ። በመጨረሻ አርሶ አደሩ ስለ ምርጥ ዘር ስላለው አመለካከት መጠይቅ በትኜ ተመረቅሁ። ለእኒያ አባት መልስ ይዤ አለመመለሴ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

በአቀንጭራ ላይ ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አረሟን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም እዚሁ ውርጌሳ ባለችበት ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ነው። ሆኖም ከተሻሻሉት ዝርያዎች መካከል ቶሎ የሚደርሰው አጭር ማሽላ አገዳው ያንሳል። አገዳ ደግሞ በእኛ አገር የከብት መኖ፣ ማገዶና አጥር ነው። በኩንታል ተለክቶ ያለፈ ዝርያ ላሟ ፊት ሊወድቅ ይችላል። ይህን የሰብል ባለሙያው ብቻውን አያየውም፤ የእንስሳት ባለሙያውም እንዲሁ።

አገናኝቶ ማየት ግን ይቻላል፤ ተመራማሪው አቶ ደሳለኝ ራህመቶ የ1977ቱን ረሃብ ሲያጠኑ ጎረቤታችን አምባሰል ወርደው ገበሬው ነፍሱን ለማትረፍ ምን እንዳደረገ ጠየቁ። ከብት ሽያጩን፣ ገበያውን፣ ዝምድናውን አብረው አዩ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው መጽሐፋቸው ዛሬም የሚጠቀሰው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ እንዲህ ባለ ማስተርስ ውስጥ ተማሪው በራሱ ጥያቄ የሚሠራው ጥናት በደንብ ላይ የተጻፈ መብት ይሁን እላለሁ። ከሁለት ዲፓርትመንት ሁለት አማካሪ ይመደብለት፤ ሁለቱም ይፈርሙ። ፕሮፖዛል ከማስገባቱ በፊት አንድ ክረምት ማሳ ላይ ይክረም። ሥራ ላይ ላለ የቀበሌ ግብርና ባለሙያ ደግሞ በቲሲስ ፈንታ ከገበሬው ጋር በማሳ ላይ የሚሞክረው ፕሮጀክት ይፈቀድለት፤ ሙከራው ግን ከቲሲስ ያልቀለለ ይሁን። ጥራት ይወርዳል ለሚሉ መምህራን፣ ፈታኞቹም ከሁለቱም ወገን ይሁኑ ነው መልሴ። አንድ ጽሑፍ በሁለት ሙያ መፈተሹ ጥራቱን ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም።

ያ የተመለሰብኝ ፕሮፖዛል እጄ ላይ ቆይቶ ነበር። ዘንድሮ አንዲት የመርሳ ልጅ ማስተርስ ገብታ ጠየቀችኝና ሰጠኋት። ሁለት አማካሪ እየፈለገች ነው፤ አንዱን አግኝታለች።