ስለ ሴቶች ሕመም በስልክ ሐኪም ከማነጋገር በፊት

ከተማችን ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል እንደ ነበረና የዛሬ ስሟን ያገኘችው ከወንጌላዊው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ይህ ወንጌላዊ በ5ኛው ምዕራፍ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት ስለ ኖረች ሴት ጽፎልናል። ሴቲቱ ገንዘቧን ሁሉ በመድኃኒት ፍለጋ ጨርሳ፥ በሕዝቡ መካከል ተሸሽጋ ከጌታ ኋላ ቀረበች። ከተፈወሰች በኋላ ግን በፍርሃት ሆና የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ገለጠች፤ እርሱም አላሳፈራትም፤ እንደ ልጁ ቈጥሮ በሰላም አሰናበታት እንጂ።

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሌላ ሕመም ነው፤ ይሁን እንጂ ትምህርቱ ለዚህም ይሆናል። ሕመሙ በተለምዶ «የማኅፀን ፈንገስ» የሚባለውና ብዙ እናቶችና እኅቶች በስውር የሚሠቃዩበት ነው። ባለ ትዳር ሁሉ የሚያውቀውን ነገር በጨዋ ቃል መናገር ነውር አይደለምና፥ በቤተሰብ ፊት በሚነበበው በዚህ ገጽ ላይ ማንሣታችንን አንባብያን እንደ ድፍረት አይቍጠሩብን። አባቶቻችንስ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው የለምን?

ይህን ሕመም የሚያመጣው ካንዲዳ የሚባል በዓይን የማይታይ ደቂቅ ፈንገስ ነው። በጤነኛ ሴት አካል ውስጥም በጥቂቱ ይኖራል፤ የሚጎዳው ከልክ በላይ ሲበዛ ነው። እርግዝና፥ የስኳር በሽታ፥ ለሌላ ሕመም የተወሰደ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፥ የሰውነት የመከላከል ኀይል መድከም እንዲበዛ ያደርጉታል። ሐኪሞች እንደሚሉት ከ4 ሴቶች 3ቱን ያህል በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። በሩካቤ ከሚተላለፉት በሽታዎች መካከልም አይቈጠርም፤ ወንድ የማታውቅ ልጅም ልትታመምበት ትችላለች። እንግዲህ በዚህ ሕመም ምክንያት ሚስቱን የሚጠረጥር ባል ወይም ልጇን የምትጠረጥር እናት ከሕመሙ የከፋ በደል ይፈጽማሉ።

ሐኪምን በሩቅ ሆኖ ማነጋገር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በየካቲት 2001 ዓ.ም. በይፋ በተመረቀው የመላው አፍሪካ የኤሌክትሮኒክስ መረብ አማካይነት የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞች ከሕንድ አገር ሐኪሞች ጋር በሳተላይት ይመካከሩ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ደግሞ በስልክ መጠየቅና መመከር በብዙ ሰው ዘንድ ተለመደ። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ተነሥታ እስከ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ለመድረስ ለምትደክም ሴት፥ ይልቁንም መንገድ በሚዘጋበት ወራት፥ ይህ ትልቅ ረድኤት ነው። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት በተነሣ ጊዜ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ስለዚህ ቀጠሮ የያዘች ሴት ምስል በሌለበት በድምፅ ብቻ ለመነጋገር የተዘጋጀች ትሁን።

በድምፅ ብቻ የሚያክም ሐኪም ዓይኑም እጁም ከእርሱ ጋር የሉም፤ የቀረው ጆሮው ብቻ ነው። ታማሚዋ በኀፍረት የሸፈነችው ነገር ሁሉ ለእርሱ ጨለማ ይሆንበታል። እዚህ ላይ ቋንቋችንም ራሱ ያሳስተናል። ማኅፀን በትክክለኛ ፍቺው ሕፃን የሚፀነስበትና የሚያድርበት የውስጥ አካል ነው፤ በዕለታዊ ንግግር ግን የሴትን ብልት በጨዋነት ለመጥራት እንጠቀምበታለን። እንግዲህ አንዲት ሴት «ማኅፀኔን አሞኛል» ብላ ዝም ብትል፥ ሐኪሙ ከውጭ የሚያሳክካት ይሁን ወይስ ከእምብርቷ በታች የሚወጋት ይሁን በምን ያውቃል? የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በቀላሉ የሚድን ነው፤ ሁለተኛው ግን አስቸኳይ ምርመራ የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላል። ሌላይቱም አፍራ «ሆዴን ነው» ያለች እንደ ሆነ የሆድ መድኃኒት ይታዘዝላትና ሕመሟን ይዛ ትቀራለች። ስለዚህ «ብልቴን ከውጭ ያሳክከኛል»፥ «ወደ ውስጥ ያቃጥለኛል»፥ «ሽንት ስሸና ያመኛል» ብሎ ስፍራውን ለይቶ መናገር ይገባል። ይህን ቃል አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ፥ ብቻ ሆኖ አንድ ሁለት ጊዜ በድምፅ ማንበብ ምላስን ያላምዳል።

ቀጥሎ የፈሳሹ መልክ ይገለጥ። እንደ አይብ የረጋ፥ ነጭና ይህን ያህል ሽታ የሌለው፥ ከብርቱ ማሳከክ ጋር የሚመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው። ቀጠን ያለ፥ ዐመድማ፥ እንደ ዓሣ የሚሸት ከሆነ ግን ከባክቴሪያ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ አረፋ ያለው ደግሞ በሩካቤ የሚተላለፍ ትሪኮሞናስ የሚባል ተሕዋስ ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዱ መድኃኒት የተለየ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ሕመማችን ፈንገስ ነው ብለው በገዛ እጃቸው መድኃኒት ከገዙት ሴቶች ተመርምረው ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው ሲሦው ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከጎረቤት የተረፈ ቅባት ተቀብቶ ወደ ቀጠሮ መቅረብ ለሐኪሙ ምልክቱን ማጥፋት ነው።

ሐኪሙ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረና የመጨረሻው የወር አበባ መቼ እንደ መጣ ይጠይቃል። እናቶቻችን ቀን የሚይዙት በቅዱሳን በዓላት ነውና ይህ ሊያስጨንቃቸው አይገባም። «ከሚካኤል ማግሥት» የምትል 13 ብላ፥ «በኪዳነ ምሕረት ዕለት» የምትል 16 ብላ ከወሩ ስም ጋር ትጻፈው። ከዚህም ጋር ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ መሆኗን፥ የስኳር በሽታ ያለባት እንደ ሆነ፥ በቅርቡ የዋጠችውን መድኃኒት ሁሉ፥ ያልተስማማት መድኃኒት ካለ እርሱን፥ ሕመሙም በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰባት ትመዝግብ። የመድኃኒቱን ስም ካላወቀች ማሸጊያውን በአጠገቧ ታስቀምጥ፤ የባህል መድኃኒትም ቢሆን አይደበቅ።

እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ ውጭውን በንጹሕ ውኃ ከመታጠብ በቀር ሳሙና፥ ሎሚ፥ ጨው ወይም ቅጠል ወደ ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ የወይባ ጭስም ቢሆን የቈሰለውን ቆዳ ያብሰዋልና እስኪሻላት ይቆይ። በክረምት የደጋ ብርድ ልብስ ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥብ የውስጥ ልብስ ከመልበስ ግን በእሳት ዳር አድርቆ መልበስ ይሻላል።

የቤተሰቡም ድርሻ አለ። በብዙ ቤት ስልኩ የባል ወይም የልጅ ነው። በቀጠሮዋ ሰዓት ስልኩን ባትሪውን ሞልቶ፥ ሂሳብ አስገብቶ፥ ለእርስዋ ሰጥቶ ከክፍሉ መውጣት የአባወራው ፍቅር መገለጫ ነው። እርስዋም ንግግሩን ስትጀምር የሐኪሙን ስምና የሚሠራበትን ተቋም ትጠይቅ፤ ሴት ሐኪም ብትሻ ይህን ለመጠየቅ አትፈር። የአካሏን ፎቶግራፍ ላኪ ቢላት እሺ ለማለት አትቸኩል፤ ፈንገስን አረጋግጦ የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ እንጂ የስልክ ምስል አይደለም።

መድኃኒት በታዘዘላት ጊዜ ስሙን፥ መጠኑንና የቀኑን ብዛት ጽፋ መልሳ ታንብብለት። ክሎትሪማዞል የተባለው በብልት የሚገባ ክኒን ወይም ቅባት ሆኖ ይሰጣል፤ ፍሉኮናዞል ግን የሚዋጥ ነው። ሁለቱን አለማደባለቅ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት የሚዋጠውን ያለ ሐኪም ፈቃድ አትውሰድ። ጾምን በተመለከተም የመዋጫውን ሰዓት ለሐኪሙም ለንስሐ አባቷም ነግራ ትወስን።

ስልክ የማይበቃበትም ጊዜ አለ። ትኩሳት፥ ከእምብርት በታች ብርቱ ሕመም፥ ቁስል ወይም ያለ ጊዜው የሚመጣ ደም ካለ፥ ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም የወር አበባ ያላየች ልጅ ከሆነች፥ መድኃኒቱን ወስዳ በ7 ቀን ካልተሻላት ወደ ጤና ተቋም በአካል መሄድ ግድ ነው። በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስ ከሆነም የስኳር በሽታና ኤች አይ ቪ መመርመር ይገባል። መንገዱን ለማመልከት፥ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸውና ለማማከር ይቀላሉ።

በመጨረሻም ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድ ቃል እንጨምር። በዚህ ሕመም የሚመጣው ፈሳሽ የወር አበባ ደም አይደለም። አንዲት ሴት በራሷ ፈርዳ ወራት ሙሉ ከቅጽሩ ውጭ ከመቆም ይልቅ ጥያቄዋን ለንስሐ አባቷ ታቅርብ። ጸበልም መድኃኒትን አይከለክልም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጻረሩ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል። እንግዲህ ወረቀትና እርሳስ ይዘጋጅ፥ በሩ ይዘጋ፥ እውነቱ ይነገር። እግዚአብሔር ለታመሙት ምሕረትን፥ ለሐኪሞችም ማስተዋልን ይስጥልን፤ አሜን።