ዘንገናን በመኪና መስኮት?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ስንመጣ፣ እንጅባራ ለመድረስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረን የመኪናው ረዳት «ያውላችሁ ዘንገና!» ይላል። እኛም አንገታችንን በመስኮት ብቅ አድርገን ዛፍ ብቻ እናይና እንቀመጣለን። ሐይቁ ከመንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ዳሩ ግን ገደልና ደን ስለከበበው ከመኪና ላልወረደ ሰው አይታይም። ከእኛ ከዕጩ መምህራን መካከል በዚህ መንገድ ሁለት ዓመት ተመላልሰን አንድ ቀን እንኳ ያልወረድን ብዙዎች ነን።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ስምንት ሆነን ወረድን። ቀኑ ፀሐይ ነበር። የአዊን ክረምት እዚህ ያሳለፈ፣ ፀሐይ ምን ማለት እንደሆነች ሳንነግረው ያውቃል። ውሃው ክብ፣ ዙሪያው ደን፣ በደኑ ውስጥ ጦጣ። የያዝነውን ድንች ቅቅል ጦጦች ቀድመውን ስለቀመሱት ጉዳይ ብዙ ባንናገር ይሻላል።

ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ልናስተምር መሆኑን ሲሰማ ጠጋ አለና «ጋሼ፣ ይኼ ውኃ በየት ነው የሚወጣው?» አለ። እኛም ተሽቀዳድመን «ወደ ዓባይ ነዋ!» አልን። ልጁ ሳቀ። «እስቲ ዙሩና መውጫውን አሳዩኝ» አለን።

ዞርን። መውጫ የለውም! ዘንገና በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ነው፤ ከእርሱ ተነሥቶ የሚፈስ ወንዝ የለም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ይደርሳል። ያ ሁሉ ስፋት ያለው ጣና እንኳ በጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ያገኘነው ከተመለስን በኋላ ነው፤ ማለትም ካፈርን በኋላ። መውጫ የሌለው ውኃ ውስጥ የተጣለ ፌስታልም ጠራርጎ የሚወስደው ወራጅ እንደማያገኝ ያን ጊዜ ገባን። እኛው ራሳችን ሁለት ጥለን ነበር፤ ተመልሰን አነሣናቸው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህማ ሽርሽር ነው፣ ትምህርት አይደለም» ይላሉ። ሽርሽርም ይሁን! በአየርላንድ ዌክስፎርድ የሚባል የባሕር ጠረፍ አውራጃ አለ። አገሩ ዝናብ የማይለየው ሲሆን ያ ጠረፍ ግን «ፀሐያማው ደቡብ ምሥራቅ» ተብሎ እንግዳ ይጠራበታል። ስሙም እንዲያው የተለጠፈ አይደለም፤ በዚያ የነበረ የአየር ጣቢያ የፀሐዩን ሰዓት ለብዙ ዓመታት መዝግቧል። እኛስ? ጥር 23 ቀን ለፈረስ በዓል ወደ እንጅባራ የሚመጣ እንግዳ ስለ ዘንገና ቢጠይቀን «ያውላችሁ» ከማለት ሌላ ምን እንመልስለታለን?

ስለዚህ ተቋማችን ዘንገናን የጂኦግራፊና የሳይንስ የመስክ ትምህርት አድርጎ እንዲይዝልን እንጠይቃለን። አውቶቡስ ይከራይልን አላልንም፤ እግር አለን። ከቤተ ሙከራ አንድ የሙቀት መለኪያ፣ አንድ ደብተር፣ ለቆሻሻ የሚሆን አንድ ጆንያ ይበቃል። በየወሩ የውኃውን ሙቀትና በዳር ያለውን የውኃ ከፍታ እየመዘገብን ለሚቀጥለው ዓመት ሠልጣኝ ብናስረክብ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ከባዶ አይጀምርም። አውንጊ የሚናገሩ ጓደኞቻችን ደግሞ የዛፎቹን ስም ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጠይቀው ይጻፉልን፤ እኛ ከአራቱ በላይ አላወቅንም።

መሄድ የሚፈልግ ሁሉ ስሙን ከዚህ ሰሌዳ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ድንች የሚይዝ ክዳን ባለው ዕቃ ይያዝ። ልጁም ሌላ ጥያቄ ይዞ እንደሚጠብቀን ነግሮናል፦ ጦጦቹ ሌሊት የት እንደሚያድሩ።