መገመትና መመርመር

ቀመር በቃል ማጥናት ሳይንስን ማወቅ የሚመስለው ተማሪ ጥቂት አይደለም። ዳሩ ግን የሳይንስ መሠረቱ ያዩትን መጠየቅ፣ የገመቱትንም መፈተን ነው።

ለዚህም ዶክተር አክሊሉ ለማ ምሳሌ ይሆኑናል። እኚህ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲመረምሩ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው አዩ። የበሽታው ትል የሚራባው በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ነውና ነገሩን በዋዛ አላለፉትም። «እንዶዱ ይሆን የገደላቸው?» ብለው ገመቱ፤ ግምቱን ግን እንደ እውነት አላወጁም። በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመር አደረጉ፤ እነዚያም ሞቱ። ከዚያ በኋላ የብዙ ዓመት ምርምር ተከተለ።

ጠንቃቃ ተማሪ እዚህም ላይ አያርፍም፤ «እንዶድ በሌለበት ውሃ የተቀመጡትስ?» ይላል። ያለ ማነጻጸሪያ ምክንያቱ አይታወቅምና።

ይህ ልማድ ለቤተ ሙከራ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ «ሥራው የቆመው ሕዝቡ ስላልተባበረ ነው» የሚል ሪፖርት ሲቀርብላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሕዝቡ በተባበረበት ቀበሌ ሥራው ተፈጽሞ እንደሆነ ጠይቁ። በግምት የተፈረመ ውሳኔ ዕዳው የሚወድቀው በፈራሚው ላይ ሳይሆን በባላገሩ ላይ ነው።