ላሚቱን ወይስ ወተቱን? የከሚሴ ዲጂታል የጥበብ ባለሙያዎችና የሀብት ጥያቄ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የጨፋ ረግረግና የቦርከና ወንዝ ዳርቻ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች በበጋ ወራት ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ለምለም ስፍራ ነው። በእንዲህ ያለ አካባቢ የሀብትን ትርጉም ለማስረዳት ረጅም ንድፈ ሐሳብ አያሻም። ወተት የሚሸጥ ሰው ነገም የሚሸጠው አለው፤ ላሚቱን የሸጠ ግን ገንዘቡ ሲያልቅ ባዶ እጁን ይቀራል።

በኮምፒውተርና በስልክ አርማ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ ማስታወቂያ፣ የመንዙማና የዘፈን ሽፋን፣ አጫጭር ቪዲዮና ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚሠሩ ወጣቶች የገጠማቸው ጥያቄም ይኸው ነው። ስለ እነርሱ የሚደረገው ውይይት ብዙውን ጊዜ ገበያ ከየት ይገኛል በሚለው ላይ ያተኩራል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ከዚያ ይለያል፤ ሀብት የሚፈጠረው በሥራው ብዛት ሳይሆን ባለሙያው በሠራው ሥራ ላይ በሚያስቀረው መብት ነው የሚል ነው።

ሕጉ ለማን ያደላል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነና ግዙፍነት ያገኘ ሥራን ያለ ምዝገባ ይጠብቃል። የኢኮኖሚ መብቱም በአመንጪው የሕይወት ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል፤ ለፎቶግራፍ የተሰጠው ጊዜ 25 ዓመት ነው። እስከዚህ ድረስ ሕጉ ለጥበብ ባለሙያው የቆመ ይመስላል።

ነገር ግን ያው አዋጅ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለቤትነቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ እንደሚሆን ይደነግጋል። ለከሚሴው ባለሙያ የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። በቃል ተስማምቶ፣ የአንድ ጊዜ ክፍያ ተቀብሎ ሥዕሉን በቴሌግራም የላከ ወጣት ሳያውቀው ላሚቱን ከነጥጃዋ ሸጧል። ሥዕሉ በኋላ በሸሚዝ፣ በማሸጊያና በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ቢወጣ የሚጠይቀው ድርሻ አይኖረውም። «ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር» የሚለው ሐረግ ለተዘጋጀ ሰው ክፍት በር ነው፤ ላልተዘጋጀው ግን የተዘጋ ነው።

ይህ ሲባል ሁሉም ሥራ ይቀመጥ ማለት አይደለም። የአንድ ነጋዴ አርማ ለነጋዴው ሙሉ በሙሉ ሊተላለፍ ይገባል፤ ዋጋውም ይህንኑ ሊያንጸባርቅ ይገባል። የአንድ ቀን የሠርግ ጥሪም ከበዓሉ በኋላ ብዙ ዋጋ የለውም። በባለሙያው እጅ ሊቀሩ የሚገባቸው ደጋግመው የሚያገለግሉት ናቸው፦ የፊደል ቅርጾች፣ የጥሪ ካርዱ የተሠራበት ቅንብር፣ የአካባቢው የፎቶግራፍ ክምችት፣ በተለይም የተረት ገጸ ባሕርያት።

ከሌሎች ተሞክሮ

ገጸ ባሕርይ እንዴት ሀብት እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ያዘጋጀው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የሕፃናት ዝግጅት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ፣ ቀጭኔዋ ፀሐይ ወደ ሕፃናት መጻሕፍትም ተሻግራለች። እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን ባለ ሥዕል የጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው ኢታን ኮሚክስም ቀጥሎ «ሐዊ» የተባለች ሴት ጀግና ፈጥሯል። ሁለቱም የያዙት ሀብት አንድ ሥዕል ሳይሆን በየጊዜው አዲስ ሥራ የሚወልድ ገጸ ባሕርይ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የተለየ ትምህርት አለው። ዲጂታል አርቲስቱ ቢፕል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 አንድ ሥራውን በክሪስቲስ ጨረታ በ69 ሚሊዮን ዶላር ከሸጠ በኋላ በኤንኤፍቲ ፈጥኖ መክበር ይቻላል የሚል ተስፋ ዓለምን ዞረ። ገበያው ግን ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይርቅ ተንኮታኮተ። ሆኖም በዚያው ዘመን ብቅ ያለው ያጥሬዳ የተሰኘው የኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስብስብ ከገበያው መውደቅ በኋላም በአሜሪካው የቶሌዶ የጥበብ ሙዚየም ተጋባዥ ዲጂታል አርቲስት ለመሆን በቅቷል። ስብስቡን ያቆየው የኢትዮጵያን ታሪክና ትዝታ የራሱ በሆነ የአሠራር ስልት ማቅረቡ እንጂ የመሸጫው ቴክኖሎጂ ብቻ አይመስልም። ቴክኖሎጂ ያልፋል፤ ለይቶ የሚታወቅ ሥራ ይቀራል።

የዞኑ ልዩ ብልጫ

በዚህ ረገድ ዞኑ ያልተጠቀመበት ሀብት አለው። በዞኑ አፋን ኦሮሞና አማርኛ፣ ቁቤና ፊደል ጎን ለጎን ይኖራሉ። በባቲ የሰኞ ገበያ የቆላው ከብትና የደጋው እህል ሲገናኙ ቋንቋዎቹም አብረው ይገናኛሉ። በሁለቱም ጽሕፈቶች አሳምሮ መንደፍ የሚችል ባለሙያ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ቅስቀሳና ለሕፃናት ተረት የሚያቀርበው ሥራ ከሌላ ቦታ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ምስል የሚፈጥር ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተራውን ሥዕል ዋጋ እያወረደ ባለበት ጊዜ የአካባቢ ዕውቀት ዋጋ መጨመሩ አይቀርም።

መከራከሪያውን የሚፈትኑ ጉዳዮች

በዚህ አቋም ላይ ሊነሱ የሚችሉ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው የመደራደር አቅም ነው፤ የቤት ኪራይ የደረሰበት ወጣት ውል ካልተፈረመ ብሎ ደንበኛ ሊመልስ አይችልም። ተቃውሞው እውነት ነው። መፍትሔው ግን በግለሰብ ድፍረት ላይ ሳይሆን በኅብረት ላይ የተመሠረተ ሊሆን ይገባል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ባለሙያዎች ተደራጅተው የጋራ ዋጋና የጋራ ውል እንዲኖራቸው መንገድ ይከፍታል፤ የቅጂ መብት አዋጁን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007ም የጋራ የመብት አስተዳደርን ያውቃል።

ሁለተኛው የመሠረተ ልማት ጉዳይ ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በየዕለቱ አዲስ ሥራ በመላክ ብቻ የሚኖር ባለሙያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ገቢው ወዲያው ይደርቃል። አስቀድሞ ያሳተመው መጽሐፍ ወይም በሌላ ከተማ በፈቃድ የሚሠራበት ሥራ ያለው ግን ቢያንስ ተስፋው አይቋረጥም። ስለዚህ ይህ ችግር መከራከሪያውን አያፈርሰውም፤ ይልቁንም ያጠናክረዋል።

ማጠቃለያ

ለዲጂታል የጥበብ ባለሙያዎች የሚሰጠው ሥልጠና ሶፍትዌርን ከማስተማር አልፎ ውልን ማስተማር አለበት። የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፦ ሥራው ለምን አገልግሎት፣ በየት፣ ለምን ያህል ጊዜና በስንት ብር እንደተሰጠ፣ ቀሪው መብት የማን እንደሆነ የሚገልጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ባለ አንድ ገጽ ውል። ይህን በአቅራቢያው ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ በሕግና በቴክኖሎጂ ተማሪዎቹ የጋራ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊያዘጋጀው ይችላል። ተመራማሪዎችም ባለሙያዎቹ ስንት ሥራ ሸጡ ከማለት ይልቅ በስንቱ ላይ መብት አስቀሩ ብለው ቢጠይቁ የዘርፉን እውነተኛ ሁኔታ የሚያሳይ መረጃ ያገኛሉ።

ወተት በአንድ ሌሊት አይገኝም፤ ላሚቱ እስክትወልድ መመገብ አለባት። ለዚያም የዕለት ሥራው ይቀጥላል። ግን ከአሥር ሥራ አንዱን ለራስ ማስቀረት ከተቻለ ከዓመታት በኋላ በበረቱ ውስጥ የሚታለብ ነገር ይኖራል።