ጨዋው ካናዳዊና ታጣቂው አሜሪካዊ

ዋሽንግተንም ቶሮንቶም ዘመድ ላለው የአዲስ አበባ ሰው ስለ ሁለቱ የሰሜን አሜሪካ ጎረቤታሞች የሚወራው ወሬ እንግዳ አይደለም። አሜሪካዊው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር፣ ከወገቡ ሽጉጥ የማይጠፋ ነው። ካናዳዊው ደግሞ እግሩን ቢረግጡት እንኳ ይቅርታ የሚጠይቀው ራሱ ነው፤ በሩንም ሳይቆልፍ ያድራል። ማይክል ሙር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው “ቦውሊንግ ፎር ኮሎምባይን” ፊልም ቶሮንቶ ውስጥ የሰው ቤት በር እየገፋ መቆለፍ አለመቆለፉን ሲፈትሽ ያዩ ሁሉ ይህንኑ እንደ ማስረጃ ይጠቅሱታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካናዳውያንም ቢሆኑ ሥዕሉን አይጠሉትም። አሜሪካዊ አለመሆንን የሚያወድስ አንድ የቢራ ማስታወቂያ በ2000 አገሩን ሁሉ አስጨብጭቧል።

ይህ የጠባይ ተረት ግን ከቁጥሩ ጋር ሲተያይ አይጸናም። “ስሞል አርምስ ሰርቬይ” የተሰኘው የጥናት ተቋም በ2018 ባወጣው ግምት በካናዳ በሲቪሎች እጅ ያለው መሣሪያ 12.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ለ100 ሰው 35 ያህል መሆኑ ነው። ይህ ያልታጠቀ አገር ቁጥር አይደለም። አሜሪካ በእርግጥ ለብቻዋ ናት፤ 393 ሚሊዮን፣ ማለትም ከሕዝቧ ቁጥር የበለጠ መሣሪያ አላት። ይሁን እንጂ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 ሲጠይቅ የራሴ መሣሪያ አለኝ ያለው ጎልማሳ አንድ ሦስተኛው ብቻ ነበር። ስለዚህ “ታጣቂው አሜሪካዊ” በአገሩ አነስተኛው ወገን ነው።

በሟቾች በኩል ያለው ልዩነት ግን እውነት ነው። በ2022 በካናዳ በጥይት የተገደሉት ወደ 340 ሰዎች ሲሆኑ በአሜሪካ ከ19,000 በላይ ናቸው። የሕዝብ ብዛታቸው ልዩነት ዘጠኝ እጥፍ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ጨዋነት ካልሆነ ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አልልም። የሕግ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ነው ብሎ ነው፤ ሁለቱ አገሮች የተለያዩትም እዚያ ላይ ነው።

በአሜሪካ ከ1791 ጀምሮ መሣሪያ መያዝ በሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ ውስጥ ተጽፏል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በሄለር መዝገብ ይህ የእያንዳንዱ ግለሰብ መብት ነው አለ። በ2022 በብሩን መዝገብ ደግሞ ገደብ የሚጥለው መንግሥት ገደቡ ከአገሪቱ የቆየ የቁጥጥር ልማድ ጋር እንደሚጣጣም ማስረዳት አለበት ሲል ወሰነ። ካናዳ በ1982 ባጸደቀችው የመብቶችና የነፃነቶች ቻርተር ግን ስለ መሣሪያ አንድም ቃል የለም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ካናዳውያን እንደ አሜሪካውያን መሣሪያ የመታጠቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት እንደሌላቸው በ1993 በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ በአንደኛው አገር ምክንያት የሚጠየቀው መንግሥት ነው፤ በሌላው አገር አመልካቹ።

ነገሩ በአንዲት ሚስት ዓይን ሲታይ ይበልጥ ይገባል። በካናዳ ፈቃድ ፈላጊው የደኅንነት ትምህርት ይወስዳል፣ የሚመሰክሩለት ሰዎች ያቀርባል፣ የመጀመሪያ ጊዜው ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን ይጠብቃል። ከሁሉ በላይ አብራው የምትኖረው፣ ወይም ባለፉት ሁለት ዓመታት አብራው የኖረች ሴት በቅጹ ላይ እንድትፈርም ይጠየቃል። ካልፈረመች ባለሥልጣኑ ማመልከቻውን ያሳውቃታል፤ ሥጋቷን ለመናገር ዕድል አላት ማለት ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም። ፈቃድ ያለው ነጋዴ የገዢውን ስም በፌዴራሉ መዝገብ ያጣራል፤ ውጤቱ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፤ በሦስት የሥራ ቀናት ካልመጣ ሽያጩን ሕጉ አይከለክልም። (እንደ ማሳቹሴትስና ኒው ጀርሲ ያሉ ግዛቶች የራሳቸው ጠበቅ ያለ ፈቃድ አላቸው፤ “አሜሪካ” ብለን በጅምላ ስንናገር እነሱን እንረሳለን።)

የፍርድ ቤት ጥበቃ ትእዛዝ የተሰጠበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ አለ። ሆኖም አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2023 ይህንኑ ሕግ የብሩንን መለኪያ አያልፍም ብሎ ጣለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በራሂሚ መዝገብ ውሳኔውን የሻረው በሰኔ 2024 ነው፤ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ። የተደበደበች ሴት ደኅንነት በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ልማድ እስኪመዘን ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ በጥርጣሬ ውስጥ መቆየቱ የሕዝብ ጠባይ ያመጣው አይደለም። የሕግ አተረጓጎም ያመጣው ነው።

ካናዳም ይህን ሥርዓት በውርስ አላገኘችውም። ታኅሣሥ 6 ቀን 1989 ሞንትሪያል በሚገኘው የምሕንድስና ትምህርት ቤት 14 ሴቶች ተገደሉ። የ1995ቱ የመሣሪያ ሕግ የመጣው ከዚያ በኋላ በተደረገ ረጅም ውትወታ ነው። አልበርታ ተቃውማ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዳ በ2000 ተረታች። በ2012 የሃርፐር መንግሥት ሕጉ የፈጠረውን የረጃጅም ጠመንጃዎች ምዝገባ አስቀረ፤ የተሰበሰበው መረጃም እንዲደመሰስ አዘዘ። ኩቤክ የራሷን ነዋሪዎች መረጃ ለማስቀረት ተከራክራ በ2015 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተሸነፈች፤ በኋላም የራሷን ምዝገባ አቋቋመች። በዚህ ክርክር የአልበርታ አዳኝ ለሞንታና ገበሬ ይቀርባል እንጂ ለሞንትሪያል ሰው አይቀርብም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ተረቱ ለካናዳውያን የሚሰጠው እርካታ ነው። በሚያዝያ 2020 በኖቫ ስኮሺያ 22 ሰዎችን የገደለው ሰው ፈቃድ አልነበረውም። ከመሣሪያዎቹ አብዛኞቹ ከአሜሪካ በድብቅ የገቡ ናቸው። መንግሥት ወዲያው በግንቦት 1,500 ያህል ዓይነት መሣሪያዎችን አገደ፤ በ2022 ደግሞ የሽጉጥ ሽያጭን አቆመ። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ሪፖርት ግን ትኩረት የሰጠው ሌላም ነገር ነበር፤ ሰውየው የትዳር አጋሩን ይደበድብ ነበር፣ መሣሪያ እንዳለውም ለፖሊስ ከዓመታት በፊት ጥቆማ ደርሶ ነበር። ጥቆማውን ተከትሎ መሣሪያውን የወሰደበት ግን አልነበረም።