«የት ልጣለው?»

ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርን። መካኒሳ ስንደርስ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ወጣት ሀይላንዱን ጠጥቶ ጨረሰና መስኮቱን ከፍቶ ባዶውን ፕላስቲክ ወረወረው። አንድ አባት ዞር ብለው «ምነው ልጄ?» ቢሉት መልሱ ዝግጁ ነበር፦ «ታዲያ የት ልጣለው አባባ?» ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እውነት ለመናገር እኛም ስቀናል።

ጥያቄው ባዶ አይደለም። ከለቡ እስከ ሀና ማርያም፣ ከላፍቶ እስከ ጎፋ ስንት ፌርማታ ላይ ቆመን የሶፍት ቁራጭ የምንጥልበት አጥተናል! በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እንኳ መንገድና ፌርማታ ላይ ቆሻሻ መጣልን ሲከለክል፣ ክልከላውን መጣያ ካለበት ቦታ ጋር አያይዞት ነበር። ስለዚህ ደንብ አስከባሪው ሲቀጣ «መጣያውስ የታለ?» ማለት ነውር የለውም።

ደግሞ መጣያ ማቆም ብቻውን ምንም አይደለም። የቤታችን ቆሻሻ ባለቤት አለው። ማኅበራቱ በየሰፈሩ እየዞሩ ይሰበስባሉ፣ ክፍያውንም ከውሃ ቢል ጋር እንከፍላለን። የመንገደኛው ቆሻሻ ግን የማን ነው? በየቀኑ የሚያራግፈው ሰው ያልተመደበለት በርሜል በሳምንቱ ሞልቶ ዙሪያው ይቆለልበታል። ወረዳውን የምንጠይቅ ከሆነ በርሜሉንም አራጋፊውንም እንጠይቅ።

ይህን ሁሉ ብለን ግን ያ ወጣት ትክክል ነው አንልም። ወንድሜ፣ ውሃ ሞልቶ ሳለ የተሸከምከው ጠርሙስ ባዶ ሲሆን ከበደህ? እህቴ፣ ማስቲካው የገባበት ቦርሳ ልጣጩን እንቢ አለ?

ሱብሒ ሰግደን ስንወጣ ገና ሳይነጋ ጎንበስ ብለው አስፋልት የሚጠርጉ እናቶችን እናያለን። አንዳንዶቻችን ሰላምታ እንኳ አንሰጣቸውም። ከእነሱ መጥረጊያ ያመለጠው ቱቦ ውስጥ ይገባና ክረምት ሲመጣ ጎርፉን ወደ ሰው ቤት ይመልሳል። የተሰበሰበው ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ሲከመር የኖረው እዚሁ አጠገባችን፣ ረጲ ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቆሻሻ ከእጃችን ሲወጣ የሆነ ሰው ጋ ይደርሳል።

እሾሃማ ቅርንጫፍ ከመንገድ ላይ በማንሳቱ አላህ ምሕረት ያደረገለትን ሰው ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። ሰውዬው «የት ልጣለው?» ብሎ ትቶት አልሄደም። እኛ ደግሞ ማንሳቱ ቀርቶብን እሾሁን የምንበትነው እኛው ሆነናል።

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ጁሙዓ ሲያልቅ የመስጂዳችንን በር እንየው። ሶፍት፣ ፌስታል፣ ሀይላንድ፤ ረመዳን ሲሆን የተምር ፍሬ። ውዱእ አድርገን፣ ልብሳችንን ከነጃሳ ጠብቀን የገባንበት በር ነው! እዚህ ቦታ ላይ ወረዳው ምን አጠፋ? በሩ የእኛ ነው።

የሚያስፈልገው ሁለት በርሜል፣ ተራ የሚገቡ አራት አምስት ልጆችና ከሰፈሩ ሰብሳቢ ማኅበር ጋር መነጋገር ነው። አንደኛውን በርሜል እኛ አግኝተናል። ሁለተኛውን መስጠት የሚችል ካለ ለመስጂዱ ኮሚቴ ይንገር፤ የፊታችን ጁሙዓ የማራገፉ ተራ የእኛ ነው፣ ኢንሻአላህ።