ጊዮርጊስ በህንድ አገር፤ የአባት ስም የቤተ ዘመድ ስም ሲሆን

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከላምበረት የተጻፈ ነው። ጸሐፊዋ እናት ስማቸው እንዳይወጣ ስለ ለመኑን ሰውረነዋል። ልጃቸው በአሜሪካ አገር በነርስነት ትሠራለች። አብራት የምትሠራ አንዲት ህንዳዊት ነርስ «ቫርጊስ» የሚል ስም በደረቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ይህች ሴት አንድ ቀን የልጃቸውን ስም አንብባ «ያንቺ ስምና የእኔ ስም አንድ ነው» አለቻት፤ የልጃቸው ወረቀት «ጊዮርጊስ» ይላልና። እኚህ እናት ሁለት ነገር ይጠይቁናል። ፊተኛው፤ ህንዳዊቱ የተናገረችው እውነት ነውን? ሁለተኛው፤ የልጃቸው አባት የጊዮርጊስ ገብር እንጂ ራሱ ጊዮርጊስ አይደለም፤ «ገብረ» የሚለው ቃል ወዴት ቀረ? ልጃቸውም ለመውለድ ተቃርባለችና የሚወለደው ሕፃን በማን ስም ይመዝገብ?

የፊተኛውን በቶሎ እንመልስ፤ እውነት ነው። ቫርጊስ ማለት ጊዮርጊስ ማለት ነው። ስሙ መጀመሪያ ከግሪክ የወጣ ሲሆን ትርጓሜውም ምድርን የሚሠራ፥ ማለት ገበሬ ነው። እኛ ከግሪኩ ተቀብለን ጊዮርጊስ አልን፤ ሶርያውያን ደግሞ በቋንቋቸው ጊዋርጊስ አሉት። በደቡብ ህንድ፥ ዛሬ ኬራላ በሚባለው ክፍለ ሀገር የሚኖሩ ክርስቲያኖች ወንጌልን ያመጣልን ሐዋርያው ቶማስ ነው፥ የመጣውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ52 ዓመት ነው ብለው በትውፊት ይናገራሉ። እነዚህ ክርስቲያኖች ለብዙ ምዕት ዓመታት ቅዳሴያቸውን በሱርስት ቋንቋ ሲያደርሱ ስለ ኖሩ የቅዱሳንን ስም የተቀበሉት በሱርስት አነጋገር ነው። በአገራቸው በማላያላም ቋንቋ ሲጠሩት ግን የፊተኛው ፊደል እየተዋጠ ሄዶ ቫርጊስ ብቻ ቀረ። ጳጳሳቱና ካህናቱ ሙሉውን «ጊቫርጊስ» ይሉታል፤ «ቫርኪ» የሚባለውም ይኸው ስም ነው፤ አጥሮ ነው እንጂ።

የቀሩትም ስሞቻቸው እንደዚሁ ናቸው። ፓውሎስ፥ ፓትሮስ፥ ፊሊፖስ፥ ማርኮስ የተባሉትን ማንም አንባቢ ያለ አስተርጓሚ ያውቃቸዋል። ማታይ ማቴዎስ ነው። ኩርያኮስ የሚሉት ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር የምናከብረው ቅዱስ ቂርቆስ ነው። ቻኮ ያዕቆብ መሆኑን ግን ያልነገሩት ሰው ሊገምተው አይችልም። በጊዮርጊስ ላይ ያላቸው ፍቅርም ከእኛ የሚያንስ አይመስለንም። እኛ ሚያዝያ 23 ቀን ስናከብረው እነርሱ በዚያው ሰሞን ኮታያም አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ፑቱፓሊ ቤተ ክርስቲያን በብዛት ይሄዳሉ፤ ከእባብ ጠባቂያችን ነው ብለውም ይማጸኑታል። እባብ በሚበዛበት እርጥብ አገር የሚኖር ሕዝብ ደራጎኑን የረገጠውን ሰማዕት ለዚህ ቢጠራው አያስገርምም።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ቫርጊስ ከጥንት የቤተ ዘመድ ስም አልነበረም። በኬራላ ክርስቲያኖች ዘንድ የቆየው ልማድ ከእኛ ልማድ ብዙም አይርቅም። ልጁ የራሱ ስም አለው፤ ከዚያም የአባቱ ስም ይከተላል፤ አባቱ ሲሞት ያ ስም በልጅ ልጅ ላይ አይቀጥልም። ነገር ግን በኩሩ ወንድ ልጅ የወንድ አያቱን ስም ይወርሳል፤ ሁለተኛው ልጅ የእናቱን አባት ስም ይይዛል። በዚህም ምክንያት ቫርጊስ ማታይ የማታይ ቫርጊስ አባት፥ የሌላም ማታይ ቫርጊስ ልጅ ሆኖ ይገኛል፤ ሁለቱ ስሞች በየትውልዱ ቦታ እየተለዋወጡ ይኖራሉ። በዚህም ላይ ቤተሰቡ የሚኖርበት የርስት ቤት የራሱ ስም አለው። ሰውየው የቤቱን ስምና የአባቱን ስም በመነሻ ፊደላቸው ብቻ አስቀድሞ የራሱን ስም በመጨረሻ ይጽፋል። እንደ እኛም የክርስትና ስም አለ፤ በቤት ውስጥ የሚጠራበት የቁልምጫ ስም ደግሞ ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ በመንደር ሳሉ አላስቸገረም፤ ያስቸገረው መርከብና አውሮፕላን ከመጣ በኋላ ነው። የውጭ አገር ጸሐፊ በመጨረሻ የተጻፈውን ቃል የቤተ ዘመድ ስም ነው ብሎ ይመዘግባል። እንግዲህ አንዳንዱ የአባቱ ስም ለዘለዓለም ተተከለበት፤ የራሱን ስም በመጨረሻ የጻፈው ደግሞ የራሱ ስም ለልጆቹና ለልጅ ልጆቹ የቤተ ዘመድ ስም ሆነበት። ባል ቫርጊስ ቢባል ሚስቲቱም ቫርጊስ ትባላለች፤ የቁጥር መብዛት ከዚህም ይመጣል። የአውሮፓ ፊደል አጻጻፉም ቢሆን አንድ አይደለም። አንዱ በ«ኤ»፥ አንዱ በ«ኢ» ይጽፈዋል፤ በመካከሉ «ዩ» የሚጨምርም አለ፤ የአንድ ቤት ሰዎችም እንኳ ሁልጊዜ አይስማሙበትም። ቡብሊ ጆርጅ ቨርጊስ የተባሉ ስመ ጥር የህንድ ጋዜጠኛ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የማግሳይሳይ ሽልማት የተቀበሉ፥ በ2014 ያረፉ ናቸው። ስማቸው በእኛ ቋንቋ ቢገለበጥ ቡብሊ ጊዮርጊስ ጊዮርጊስ ይሆናል! አንዱ በእንግሊዝ አፍ፥ አንዱ በሱርስት አፍ ስለ ተነገረ ማንም ልብ አላለውም።

ስሙ ከኬራላ ወጥቶ ከተዘራባቸው አገሮች አንዷ የእኛይቱ ኢትዮጵያ መሆኗን ብዙ ወጣቶች አያውቁም። ከጣልያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ መምህር አልበቃ ስላለ ከህንድ ብዙ መምህራን ተቀጠሩ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የኬራላ ክርስቲያኖች ነበሩ። በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ፥ እንግሊዝኛም አስተምረዋል። ዛሬ አያቶች የሆኑ ሰዎች «ሚስተር» ብለው የሚያስታውሱት መምህር በስሙ ፓውሎስ ወይም ጊዮርጊስ እንደ ነበረ ምናልባት አሁን ይረዱት ይሆናል። ከመምህራኑ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1947 የመጡት ፖል ቨርጊስ ናቸው። አማርኛ ተምረው፥ ኋላም ከ1956 እስከ 1959 ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አጠገብ በአማካሪነት ሠሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው የኮታያም የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ፤ በ1975 ጵጵስና ሲሾሙ ግን ስማቸው ፓውሎስ ማር ግሪጎርዮስ ተባለ። ቨርጊስ የሚለው ስም በዚያ ቀን ከፊርማቸው ወጣ፤ ይህም ያ ስም በኬራላ እንደ ቆዳ የተጣበቀ አለመሆኑን ያሳያል። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከፕሬዝዳንቶቹ አንዱ አድርጎ መርጧቸው ነበር፤ በ1996 ዐረፉ።

ከእነዚያ መምህራን ቤት በ1955 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተወለደው ሐኪም አብርሃም ቨርጊስ ደግሞ ሕክምና በዚህ ጀምሮ ሳለ በአብዮቱ ምክንያት ወጥቶ በህንድ አገር በማድራስ ጨረሰ፤ ዛሬ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ልብ ወለድ ታሪኩ የሚፈጸመው በአብዛኛው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ስለሆነ ቨርጊስ የሚለውን ስም ከከተማችን ጋር አያይዞ በዓለም አሰምቶታል። አውስትራሊያም በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቷ ላይ ፒተር ቫርጊስ የተባሉ፥ በኬንያ የተወለዱ ዋና ጸሐፊ ነበሯት፤ ከ2012 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ። ከሁሉ የሚበዛው ፍልሰት ግን የነርሶቹ ነው። አሜሪካ በ1965 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕጓን ከለወጠች ወዲህ ከኬራላ ብዙ ነርሶች ሄዱ፤ ከነዳጅ ዋጋ መናር በኋላም ወደ ዐረብ አገሮች እጅግ ብዙዎች ተሻገሩ። እንግዲህ የላምበረቷ እናት ልጅ ቫርጊስ የተባለች ነርስ ማግኘቷ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። እኛም የቤተ ዘመድ ስም የለንም። እርግጥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፥ የግል ስምና የአባት ስም አለው ብሎ በ32ኛው አንቀጽ ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም፤ ስም፥ የአባት ስም፥ የአያት ስም እያለ ቀጠለ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ የልደት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመላው አገር ሲጀመርም መዝጋቢው የጠየቀው እነዚህኑ ሦስቱን ነው። በእኛ እምነት ሕዝቡ መልካም አደረገ፤ የአባቱን ስም የሚጠራ ልጅ አባቱን ይጠራልና። ነገር ግን ውጭ አገር የሄደው ልጃችን ህንዳዊው የወደቀበት ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። አባት በአባቱ ስም፥ ልጅ በአባቱ ስም፥ የልጅ ልጅም እንደዚሁ ቢመዘገቡ ሦስቱ በባዕድ ዓይን ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ናቸው። እናትማ የራሷን አባት ስም ስለምትይዝ ከልጇ ጋር ስትጓዝ ልጄ ነው ብላ ማስረጃ ማሳየት ይጠበቅባታል።

ከህንዶቹ የሚለየን፥ የሚያሳዝነንም፥ ጥንድ የሆነው ስማችን ነው። ገብረ፥ ወልደ፥ ኃይለ፥ ተክለ፥ ወለተ፥ አመተ፥ እነዚህ ሁሉ በግዕዝ ሰዋስው የሚቀጥለውን ቃል የሚጠብቁ ናቸው። ገብረ ብሎ ማቆም «የ…» ብሎ እንደ ማቆም ነው፤ የማን ብሎ የሚጠይቅ ጆሮ ይቀራል። የባዕድ መዝጋቢ ግን ክፍት ቦታ ባየ ጊዜ ሁለት ስም ነው ብሎ ይቆርጠዋል። አገልጋይነቱ ወደ መካከለኛ ስም ሄዶ ኋላ በአንድ ፊደል ይጠፋል፤ ጌታው ብቻ ይቀራል። ንጉሠ ነገሥቱንም እንኳ የውጭ ጋዜጦች «ሥላሴ» ብለው ሲጠሩ ኖረዋል። ምን እያሉ እንደ ሆነ ቢያውቁ ባፈሩ ነበር።

የላምበረት ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ላም አንድ ቃል፥ በረት አንድ ቃል ነው። ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ኮተቤ የሚሄድ መንገደኛ ግን ላም ወይም በረት ብሎ ሲጠራ ማንም አልሰማውም፤ ስሙ ተጋጥሞ አንድ ሆኗል። በባዕድ ፊደል ሲጻፍም የሚያድነው ይህ ነው። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1996 እና በ2000 እ.ኤ.አ. በኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ የአባቱ ስም ያለ ክፍተት ተጋጥሞ ስለ ተጻፈ ዓለም ሁሉ ሙሉውን ጠራው፤ አንደበቱ ቢንተባተብም ሙሉውን ጠራው። በ2017 እ.ኤ.አ. የዓለም የጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነው የተመረጡት ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም በውጭ አገር የሚጠሩበት «ገብረ ኢየሱስ» የአያታቸው ስም ነው፤ እርሱም ተጋጥሞ ይጻፋልና አልተቆረጠም።

ስለዚህ ለላምበረቷ እናት የምንመልሰው ይህ ነው። ስሙን የቆረጠው መዝጋቢው ነው፤ የልጅዎ ጥፋት አይደለም፤ ሊቀናም ይችላል። በአሜሪካ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው በዚያው ማመልከቻ ላይ ስሙን ለማስተካከል የሚጠይቅበት ቦታ አለ፤ በየግዛቱ ፍርድ ቤት አመልክቶም ማስለወጥ ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ሁሉም ወረቀቶቿ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ፓስፖርቷ አንድ ነገር፥ የሥራ ፈቃዷ ሌላ ነገር የሚል እንደ ሆነ ችግሩ ይበዛል። ስለሚወለደው ሕፃን በአብዛኞቹ ግዛቶች ወላጆቹ የቤተ ዘመድ ስሙን ይመርጣሉ፤ የመረጡትን ግን የሆስፒታሉ ጸሐፊ እናቲቱ ሳትወጣ ይጠይቃታልና አስቀድመው ይነጋገሩ። የልጁን አባት ስም ወይም የአያቱን ስም መምረጥ የእነርሱ ፈንታ ነው። እኛ ብንጠየቅ ኖሮ የልጁን አባት ስም ባስቀደምን ነበር፤ ልጁ በማን ስም እንደሚጠራ ሲጠይቅ «ይኸው አባትህ» ይባላልና። በአባት ወገንም በእናት ወገንም ቢሆን ገብረ ወይም ወልደ የሚል ስም ከተመረጠ አጋጥመው፥ ያለ ክፍተትና ያለ ሰረዝ ይጻፉት፤ አጻጻፉንም በወረቀት ላይ ጽፈው ለወንድሞቿና ለእኅቶቿ ሁሉ ይላኩላቸው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ሌላው ልጅ ሲወለድ በሌላ ፊደል እንዳይመዘገብ።